ቦታው ይቅደም፣ ሥልጠናው ይከተል



ልጇ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ዩኒቨርሲቲ ያልገባላት እናት «ልጅሽ ምን ላይ ነው?» ተብላ ስትጠየቅ መልሷ አንድ ነው፦ «ቁጭ ብሏል»። ሥራ ፈቷል እንዳትል ሥራ ይዞ አያውቅም፤ ይማራል እንዳትል ትምህርቱ አልቋል። የቀራት ቃል መቀመጥ ነው። ቃሉ ግን ሳይመረምር ይፈርዳል፤ ልጁ መሄጃ እያለው እግሩን ዘርግቶ የተቀመጠ ያስመስለዋል። ዛሬ የምሟገተው ከዚህ ቃል ጋር ነው። ልጁ የተቀመጠው፣ ትምህርት ቤቱ ከሸኘበት በር ተነሥቶ ቀጣሪው እስካለበት በር የሚያደርስ መንገድ ያበጀለት ስለሌለ ነው። እንዲህ ያለ መንገድ ደግሞ በዚህ አገር ከአንድም ሁለት ጊዜ ተበጅቶ ስለሚያውቅ፣ ነገሩ ይቻላል ወይ ብለን ባሕር ማዶ ማማተር አያስፈልገንም።

የጉዳዩን ስፋት እናስቀድም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት የጀመረው ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች አንሥቶ ነው። በዚያ ዙር ከ896 ሺህ በላይ ተፈትነው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ አልሞሉም። በ2015 ከተፈተኑት 845 ሺህ ያህል ያለፉት 27 ሺህ ገደማ ናቸው፤ በ2016 ከ674 ሺህ 36 ሺህ፣ በ2017 ደግሞ ከ585 ሺህ ወደ 49 ሺህ የሚጠጉ አለፉ። የአራቱን ዙር ስንደምር ሦስት ሚሊዮን ያህል ፈተና ተፈትኖ ያለፈው 142 ሺህ ገደማ ነው። ደግመው የተፈተኑ በድምሩ ውስጥ ስላሉ የሰዉ ቁጥር ከዚህ ያንሳል፤ ከቀሩትም መካከል የተወሰኑት በማካካሻ (ሬሜዲያል) ትምህርት በኩል ወደ ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል። ይህን ሁሉ ቀንሰንም የሚተርፈው የአንድ ትልቅ ከተማ ሕዝብ ነው። በየዓመቱ ውጤት ሲገለጽ የምንከራከረው ስላለፉት ነው፤ 3 በመቶ ለምን ሆነ፣ ወደ 8 በመቶ ማደጉ መሻሻል ነው ወይስ አይደለም እንባባላለን። ክርክሩ አስፈላጊ ነው። ነገር ግን የፈተናው ጥራት ነገ ቢስተካከል እንኳ ትናንት የተፈተነው ልጅ ዛሬ ጠዋት የት ይሂድ የሚለው ጥያቄ በዚያ ክርክር አይመለስም።

አንድ ነገር ደግሞ በዝምታ ተለውጧል። በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት መንገዱ የሚለያየው አሥረኛ ክፍል ላይ ነበር፤ ከፊሉ ወደ መሰናዶ፣ ከፊሉ ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄዳል። የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ሁሉም እስከ አሥራ ሁለተኛ ይዘልቃል፤ መለያያው ሁለት ዓመት ወደፊት ተገፋ። በሌላ አነጋገር ዛሬ ከትምህርት ቤት በር የሚወጣው ልጅ በአብዛኛው 18 ዓመት የሞላው፣ በሕግ ውል መፈራረም የሚችል፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለወጣት ሠራተኞች ከተደነገገው የሰዓት ገደብም የወጣ አዋቂ ነው። ወዲያው ለመቀጠር ከቀድሞው አሥረኛ ጨራሽ ይልቅ ዝግጁ ነው። እኛ ግን የምንጠብቀው እንደ ሕፃን ነው፤ ገና «አንድ ነገር እስኪማር»።

«አንድ ነገር ይማር» የሚለው ምክር ከየአቅጣጫው ስለሚመጣ ጥቂት ልቆይበት። መንግሥት፣ ለጋሽ ድርጅት፣ አጎት፣ ሁሉም የሚሉት ይህንኑ ነው፦ ኮምፒውተር ይማር፣ መንጃ ፈቃድ ያውጣ፣ ሙያ ኮሌጅ ገብቶ ደረጃ ሁለት ይያዝ። ምክሩ ሥራ ያልተገኘው ችሎታ ስለጠፋ ነው ብሎ ይነሣል። ችሎታ ማነሱ እውነት ነው። ሆኖም ማን እንደሚቀጥር ሳይታወቅ የተሰጠ ሥልጠና ላም አለኝ በሰማይ ነው። ሠልጣኙ የምስክር ወረቀቱን ይዞ መጀመሪያ ወደ ተነሣበት ቦታ ይመለሳል፤ ልዩነቱ አሁን ቁጭ የሚለው ከነወረቀቱ መሆኑ ነው። የእኔ አቋም ቅደም ተከተሉ ይገለበጥ የሚል ነው። መጀመሪያ በአካባቢው ያለ፣ ስምና አድራሻው የሚታወቅ ቀጣሪ ያቀረበው የሥራ ቦታ ይኑር፤ ሥልጠናው ለዚያ ቦታ ይሰጥ፤ ሠልጣኙ በሚማርበት ጊዜም ትንሽም ቢሆን ይከፈለው።

ለዚህ ትልቁ ማስረጃ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተተከለው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። ስለ ፕሮግራሙ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በጤና በኩል ነው፤ እንደ ቅጥር ሥርዓት ያየው ሰው ጥቂት ነው። ነገሩ ሲገፈፍ ግን እንዲህ ነበር፦ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች ከሚኖሩበት ቀበሌ ተመለመሉ፤ አንድ ዓመት ሠለጠኑ፤ ወደዚያው ቀበሌ ተመልሰው ደመወዝተኛ ሆኑ። በየጤና ኬላው ሁለት ሁለት ተመደቡ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ30 ሺህ በላይ ወጣት ሴቶች በዚህ መንገድ ከትምህርት ቤት ወደ ሥራ ተሻገሩ፤ አብዛኞቹ ከገጠር ናቸው፤ ለብዙዎቹም ቀበሌው ውስጥ በደመወዝ የምትተዳደር ሴት ከመምህርቷ ሌላ አልነበረችም። ኢትዮጵያ አምስት ዓመት ያልሞላቸውን ሕፃናት ሞት በሁለት ሦስተኛ የመቀነስ የምዕተ ዓመቱን ግብ ቀድማ ማሳካቷ በ2006 ዓ.ም. መግቢያ ሲነገር የእነዚህ ሴቶች ድርሻ አብሮ ተጠቅሷል። ምስጋናው የእነሱ ብቻ ነው አልልም፤ ክትባቱም፣ መንገዱም፣ አጎበሩም አለ። የምለው አሥረኛ ክፍል ላይ የቆመች ልጅ አገር የሚመካበትን ሥራ ለመሥራት የጎደላት አንድ የተወሰነ ቦታና ለዚያ ቦታ የተሰፋ የአንድ ዓመት ሥልጠና ብቻ እንደነበረ ነው።

ያ ፕሮግራም ለምን ሠራ? ማንኛዋም ሴት ከመሠልጠኗ በፊት የምትቀመጥበት ወንበር ተቆጥሯል፤ ይህን ያህል ቀበሌ፣ ሁለት እጥፍ ሠራተኛ። ሥልጠናው በቁጥሩ ልክ ተቆረጠ። ሁለተኛው ምክንያት የአገሬው ልጅ መሆኗ ነው፤ ቤት አትከራይም፣ ቋንቋ አትማርም፣ ያሳደጓት ጎረቤቶች ስለሚያውቋት «ማን ናት?» የሚላት የለም። ጉድለቱንም ልናገር። መሰላሉ አጭር ነበር። ብዙዎቹ ለዓመታት በአንድ ደረጃ ቆሙ፤ ዝውውር ከባድ ሆነባቸው፤ ኋላ ወደ ደረጃ አራት የማሻሻል ዕድል ሲከፈት ተራው ለሁሉም በአንድ ጊዜ አልደረሰም። ሥራ የጀመረ ሰው የሚወጣበት ቀጣይ ደረጃ ካላየ ያው መቀመጥ በሌላ መልክ ይመጣበታል። የግብርና ልማት ሠራተኞችም በየቀበሌው ሦስት ሦስት ሆነው በተመሳሳይ አሳብ ነው የተመደቡት፤ የእነሱ ታሪክ ከግብር መሰብሰብና ከስብሰባ ጋር ስለተጠላለፈ እንደ ምሳሌ አልጠራውም።

«ይህ የመንግሥት ቅጥር ነው፤ በጀት ባለበት ማንም ያደርገዋል» ይባል ይሆናል። ስለዚህ በንግድ የሚተዳደር ድርጅት ልጥቀስ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሱ ወጣቶችን በማስታወቂያ ጠርቶ፣ ፈትኖ፣ በራሱ አቪዬሽን አካዳሚ አሠልጥኖ የአውሮፕላን ጥገና ቴክኒሻንና የበረራ አስተናጋጅ ሲያደርግ ኖሯል። የሚመለምለው የሚጎድለውን ሰው ቆጥሮ ነው። ሠልጣኙ ሲጨርስ ለተወሰኑ ዓመታት የማገልገል ግዴታ አለበት፤ ስለዚህ ድርጅቱ ያወጣው ወጪ ሜዳ ላይ አይቀርም። ልብ በሉ፤ ቦይንግ የሚያህል ነገር እንዲጠግን የሚታመነው ልጅ ወደ አካዳሚው ሲገባ የያዘው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማስረጃ ነው። በየከተማችን ባለ የእህል መጋዘን በር ላይ ግን የንብረት መዝጋቢ ለመሆን ዲግሪና ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ የሚጠይቅ ወረቀት ተለጥፎ እናገኛለን።

ወረቀቱን የሚለጥፈው ሰው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ከፊቱ የቆመውን ልጅ አያውቀውም፤ ሊያውቀው የሚችልበት መሣሪያም የለውም። ዲግሪውን የሚጠይቀው ሥራው ስለሚፈልገው ሳይሆን ሰልፉን ስለሚያሳጥርለት ነው። ባንኮች በአንድ ወቅት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨራሽ ገንዘብ ከፋይ ያደርጉ ነበር፤ ገንዘብ የመቁጠሩ ሥራ እስከዚህም ሳይለወጥ ዛሬ ለዚያው መስኮት ዲግሪ ይጠየቃል። ይህን የልብ ግምት የሚያጸና ጥናት እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ ተሠርቷል። ኢትዮጵያዊው የኢኮኖሚ ተመራማሪ ግሩም አበበና ባልደረቦቹ ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶችን በዕጣ ከፋፈሉ። ለአንዱ ቡድን ማስታወቂያ ወደሚለጠፍበት መሀል ከተማ የሚያመላልሰውን የትራንስፖርት ገንዘብ ሰጡ። ሌላውን ቡድን ማመልከቻ አጻጻፍና የቃለ መጠይቅ አቀራረብ አስተምረው ችሎታውን ፈተኑ፤ የፈተናውንም ውጤት ለቀጣሪ የሚያሳየው የምስክር ወረቀት አድርገው ሰጡት። መጀመሪያ ላይ ሁለቱም ጠቀሙ። ከአራት ዓመት በኋላ ሲታይ የትራንስፖርቱ ጥቅም በንኖ ጠፍቷል፤ ችሎታቸው ተመዝኖ ወረቀት የያዙት ግን ገቢያቸው ከሌሎቹ በ20 በመቶ ገደማ በልጦ ተገኘ፤ በሥራቸውም ይበልጥ ረኩ። ከሁሉም በላይ የተጠቀሙት እንደወትሮው ቢሆን ሥራ የማግኘት ዕድላቸው የጠበበው ነበሩ። ይህ ማለት ልጆቹ ችሎታው ነበራቸው፤ የሚያይላቸው አልነበረም። ወረቀቱ አዲስ ዕውቀት አልጨመረላቸውም፤ ያላቸውን ለሰው ዓይን አበቃው።

ችሎታ በማይታይበት ቦታ የሚተካው ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሰው ማወቅ ነው። እዚህ ላይ በጥናት ብዙም የማይነሣ፣ በየመንደሩ ግን የታወቀ አንድ እንቅፋት አለ፤ ተያዥ። ገንዘብ ወይም ንብረት የሚነካ ማንኛውም ሥራ፣ ከሱፐርማርኬት ካሸር እስከ ዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ፣ ደመወዝ ያለው ዋስ ያስጠራል። የመንግሥት ሠራተኛ ወይም ሀብታም ዘመድ የሌለው ልጅ ፈተናውን አንደኛ ሆኖ ቢያልፍም እዚያ ላይ ይቀራል። ቀጣሪው ንብረቱን መጠበቁ ያስነቅፈዋል ልል አልችልም። ግን በአገራችን ያሉ የመድን ድርጅቶች ሠራተኛ ለሚያጎድለው ገንዘብ የታማኝነት ዋስትና ይሸጣሉ። ወረዳው ወይም የንግድ ምክር ቤቱ ለጀማሪ ሠራተኞች በጅምላ ቢገዛው፣ ቀጣሪውም ከዓረቦኑ ድርሻውን ቢያዋጣ፣ ተያዥ የሚባለው በር ያለ ብዙ ጩኸት ይከፈታል። ስለ ወጣቶች ሥራ ከሚወጡት ወፋፍራም ሰነዶች ይልቅ ይህች አንዲት ነገር ብዙ ልጅ የምታስገባ ይመስለኛል።

እዚህ ድረስ የተናገርኩት ልጁን በሩ ድረስ ስለማድረስ ነው። በሩን ካለፈስ? ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ 60 ሺህ ሰው ይቀጥራል ተብሎ ነበር፤ ከአካባቢው ወረዳዎች ወጣቶች ተመልምለው፣ ተፈትነው፣ ሠልጥነው ገቡ። ቦታው ቀደመ፣ ሥልጠናው ተከተለ፤ በአቋሜ መሠረት ሊሳካ ይገባ ነበር። ነገር ግን ልብስ ሰፊዎቹ የሚጀምሩበት ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ እንደነበረ በ2011 ዓ.ም. የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሪፖርት ገልጿል፤ በዓለም የልብስ ስፌት ገበያ ዝቅተኛው ነው ብሎ። ከሲዳማ ገጠር የመጣች ልጅ በዚያ ገንዘብ ሐዋሳ ውስጥ ቤት ተከራይታ፣ በልታ፣ ለቤተሰብ ልትልክ አትችልም። ስለዚህ በጥቂት ወራት ውስጥ ለቅቃ ሄደች፤ በእሷ ቦታ ሌላዋ መጣች። አጥኚዎች ይህን «የሠራተኛ ፍልሰት» ይሉታል፤ ልጅቷ ግን የሠራችው ቀላል ሒሳብ ነበር። በተመሳሳይ ተመራማሪዎቹ ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን በአምስት ፋብሪካዎች ላመለከቱ አንድ ሺህ ለሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ሥራውን በዕጣ አድለው ተከታትለዋል፤ ከተቀጠሩት ሲሶው በመጀመሪያው ወር፣ 77 በመቶው በአንድ ዓመት ውስጥ ለቀቁ፤ የጤና ችግርም ሥራውን ባገኙት ላይ በረታ።

ከዚህ የምወስደው ትምህርት «ፋብሪካ አይረባም» የሚል አይደለም። «በአካባቢው» የሚለው ቃል ክብደቱ የት ላይ እንዳረፈ ነው የሚያሳየኝ። አንድ ዓይነት ደመወዝ ከእናቷ ቤት ለምትመላለስ ልጅ ደመወዝ ነው፤ ቤት ተከራይታ ለምትኖር ልጅ ግን ዕዳ ነው። ስለዚህ ሥራው ከመኖሪያዋ በእግር ወይም በአንድ ታክሲ የሚደረስበት መሆኑ ለናፍቆት ሲባል የገባ ነገር አይደለም፤ የሒሳቡ ግማሽ እሱ ነው። ቀጣሪው ደግሞ ከሩቅ ማምጣት ግድ ከሆነበት መኝታውን ወይም ልዩነቱን ይቻል። በግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል በሌለበት አገር ይህን ወለል በውል ማስገባት የሚችለው ልጆቹን የሚያገናኘው አካል ነው፤ ከዚህ በታች ለሚከፍል ድርጅት ልጆቻችንን አንልክም ማለት ይችላል።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ፤ ቀላሎቹን ትቼ ከባዶቹን።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ሥራው ራሱ የለም የሚለው ነው። በየዓመቱ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ወጣት ወደ ሥራ ገበያው እየገባ ልጁን ከቀጣሪ ማገናኘት ምን ይፈይዳል? ሰልፉን ማስተካከል እንጂ ዳቦውን ማብዛት አይደለም፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። ይህ ተቃውሞ ትልቅ እውነት አለው፤ ማገናኘት ሥራ መፍጠርን ይተካል ብል አሳስታችኋለሁ። ሁለት ነገር ግን ልብ ይባል። አንደኛ፣ ሰልፉ ራሱ ፍትሕ ይጠይቃል። ቦታው በዘመድ ከሚያዝ በችሎታ ቢያዝ፣ የቦታው ቁጥር ባይጨምርም፣ ሥራው ይሻላል፤ የተሻለ ሠራተኛ ያገኘ ትንሽ ድርጅትም ሁለተኛ ሰው ለመቅጠር ይደፍራል። ሁለተኛ፣ ሐዋሳን አስታውሱ፤ ወጣቱ ሥራ የለም እያለ ፋብሪካው ሰው የለም ይል ነበር። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። እንዲህ ያለው ክፍተት በየጋራዡ፣ በየሆቴሉ፣ በየግንባታው ቦታም አለ፤ ሙያ የያዘ ረዳት እየጠፋ ፎርማኑ ያማርራል፤ ከአጥሩ ውጭ ደግሞ ልጆች ቆመዋል።

ሁለተኛውን ተቃውሞ የሚያነሡት ብዙ ጊዜ መምህራን ናቸው፤ የማከብረውም ነው። የድሃ ልጅ ወደ ሥራ፣ የሀብታም ልጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይሂድ ማለትህ ነው ይሉኛል። በአራት ዙር ከሦስት ሚሊዮን 142 ሺህ ያሳለፈ ሥርዓት ይህን ልዩነት ቀድሞ አበጅቶታል፤ እኔ አላመጣሁትም። ይህ መልስ ግን ብቻውን አይበቃም፤ ያለን ልዩነት ተቀብሎ ማደላደልም ጥፋት ነውና። ስለዚህ መስፈርቴ ይህ ነው፦ ሥራው ወደ ትምህርት የሚመልሰውን በር ከዘጋ አይደገፍ። ማታ መማሪያ ሰዓት የማይሰጥ፣ የተገኘው ልምድ በብቃት ምዘና ተቆጥሮ ወደሚቀጥለው ደረጃ የማያሸጋግር ቅጥር መውጫ የሌለው ጫፍ ላይ ያደርሳል። የኡጋንዳን ማስረጃ የማመጣው እዚህ ላይ ነው፤ በከፊል በእኔው ላይ የሚመሰክር ስለሆነ ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ። እዚያ በተደረገ ሰፊ ሙከራ ከወጣቶቹ ከፊሉ በሙያ ተቋም፣ ከፊሉ በቀጥታ በድርጅት ውስጥ ሠለጠኑ። በድርጅት የሠለጠኑት ሥራ ቶሎ ያዙ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን የተሻለ ቦታ ላይ የተገኙት በተቋም የሠለጠኑት ናቸው፤ የመጀመሪያ ሥራቸውን ሲያጡ ሌላ ቀጣሪ የሚያምነው የታወቀ የምስክር ወረቀት ስለነበራቸው። ስለዚህ ቦታው ይቅደም አልኩ እንጂ ቦታው ብቻ ይብቃ አላልኩም። ቀጣሪው ጋር የተማረው ነገር በብቃት ምዘና (ሲኦሲ) ተመዝኖ የልጁ ንብረት ካልሆነ፣ ልጁ የአንድ ሰው ሎሌ ሆኖ ይቀራል።

ሦስተኛው የቀጣሪዎች ነው፦ እኔ አሠልጥኜ ጎረቤቴ ይወስድብኛል። ትክክል ነው፤ ለዚህም ነው ብዙዎች ልምድ ያለው ብቻ የሚሉት፤ ማለትም ሌላ ሰው ያሠለጠነውን። ሁሉም እንዲህ ሲል ግን ማንም አያሠለጥንም፤ ከዚያም ሁሉም በአንድነት ሰው ጠፋ ብሎ ያማርራል። አየር መንገዱ በግዴታ ውል ፈታው፤ ትንሽ ጋራዥ ግን ጠበቃ አቁሞ ውል ማስፈጸም አይችልም። በአንድ ከተማ ያሉ አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ድርጅቶች ተስማምተው ካሠለጠኑ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሄደው ልጅ ለከተማው አልጠፋም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜው ወደ 60 የሥራ ቀን ከፍ ብሏል፤ ሁለት ወር ተኩል ያህል ልጁን አይቶ ለመወሰን የሚበቃ ጊዜ ነው። በእነዚያ ቀናት የሚከፈለውን ከፊሉን ወረዳው ቢጋራ የቀጣሪው ስጋት በግማሽ ይቀልላል። ይህ በተለማማጅ ስም ነፃ ጉልበት መብላት እንዳይሆን ግን ቀኑ የተቆጠረ፣ ክፍያው የተጻፈ ይሁን፤ በዓመት አሥር ልጅ ተቀብሎ አንድም የማያስቀር ድርጅት በሚቀጥለው ዓመት አይሰጠው።

አራተኛው ተቃውሞ የባህል ነው፤ ልጆቻችን የእጅ ሥራ ይንቃሉ ይባላል። ንቀቱ አዲስ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሙያተኛን የሚሰድብ ይቀጣል ብለው እስከማወጅ ደርሰዋል፤ አዋጁ መውጣቱ ራሱ ስድቡ ምን ያህል እንደነበረ ይመሰክራል። ከመቶ ዓመት በኋላ ግን ያንኑ ሥራ ናቀ የተባለው ትውልድ በሳዑዲና በቤሩት የሰው ቤት ለማጽዳት ተሰልፏል። እንዲያውም ከሥርዓት አንጻር ካየነው የሚገርመው እዚያ ነው፦ ወደ ዓረብ አገር ለምትሄድ ልጅ ቀጣሪ ቀድሞ ይፈለጋል፣ ውል ይጻፋል፣ ለዚያ ሥራ የተለየ ሥልጠና ይሰጣል፣ የብቃት ምዘና ይደረጋል። አፈጻጸሙ ብዙ እንባ ያለበት ቢሆንም ሰንሰለቱ ሙሉ ነው። ከቤቷ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ ላለ ሆቴል ግን እንዲህ ያለ ሰንሰለት የለንም። ስለዚህ ንቀት የምንለው ነገር አብዛኛው የክፍያ ጥያቄ ነው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በጭቃ ውስጥ ሽንት ቤት እያስቆፈረች የተከበረችው ስለ ሥራ ክቡርነት ስለተሰበከ ሳይሆን ቦታዋ የታወቀና ደመወዟ የማይቀር ስለሆነ ነው።

«ቴክኒክና ሙያ አለን እኮ» ለሚሉት በአጭሩ፦ አለን፤ በወረቀቱ ላይም የሥልጠናው ትልቁ ክፍል በድርጅት ውስጥ የሚሰጥ የትብብር ሥልጠና ነው። በተግባር ግን የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ ድርጅት ለድርጅት የሚዞረው ሠልጣኙ ራሱ ነው፤ የተቀበለውም ብዙ ጊዜ መጥረጊያ ያስይዘዋል። ኮሌጁ የሚለካው ስንት አስገባ፣ ስንት አስመዘነ በሚለው እንጂ ከስድስት ወር በኋላ ስንቱ እየሠራ ነው በሚለው አይደለም። መለኪያው ሲለወጥ ደብዳቤውን ተሸክሞ የሚዞረው ሰው ይለወጣል፤ ዲኑ ይሆናል።

እንግዲህ ከየት ይጀመር ብትሉኝ፣ ከወረዳው ነው፤ ከትልቅ ፕሮጀክትም አይደለም። የወረዳው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ግንቦትና ሰኔ ላይ በአካባቢው ያሉትን ቀጣሪዎች አንድ በአንድ ዞሮ፣ ሆቴሉንም ወፍጮ ቤቱንም ክሊኒኩንም፣ በመጪው መስከረም ስንት ጀማሪ ትፈልጋላችሁ፣ ለምን ሥራ፣ በስንት ብር ብሎ ይጻፍ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ስለ ተማሪዎቹ ከፈተና ውጤት ሌላ የሚያውቀውን ይመስክር፤ አራት ዓመት ሙሉ በሰዓቱ የመጣው ማን እንደሆነ የስም መጥሪያው መዝገብ ያውቃል፤ ለቀጣሪም ከጂኦግራፊ ነጥብ ይልቅ የሚጠቅመው ይህ ነው። የአንድ ቀን የችሎታ መመዘኛ ይጨመርበት። ቀጣሪ በሌለበት ገጠር ወረዳ ይህ እንደማይሠራ አውቃለሁ፤ እዚያ ያለው ሰፊ ቀጣሪ መንግሥት ስለሆነ፣ የውኃ ፓምፕ የሚጠብቅ፣ የእንስሳት ክትባት የሚያግዝ፣ የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ የሚይዝ ሰው በጤና ኤክስቴንሽኑ ስልት ከዚያው ሊመለመል ይገባል።

ውጤት የሚገለጽበት ቀን ደግሞ አለ። ልጁ ስልኩን ይዞ፣ የመለያ ቁጥሩን በቴሌግራም ቦቱ አስገብቶ፣ ከ50 በመቶ በታች የሆነውን ቁጥር ያያል። ዛሬ ከዚያ ቁጥር በታች ያለው ባዶ ነው። እኔ የምጠይቀው በዚያ ባዶ ቦታ የወረዳው ዝርዝር እንዲገባ ነው፦ የድርጅቱ ስም፣ ሥራው፣ ደመወዙ፣ መመዘኛው የሚሰጥበት ቀን። ዝርዝሩ ሦስት ፊርማ ያስፈልገዋል፤ የቀጣሪው፣ የርእሰ መምህሩና የወረዳው የሥራና ክህሎት ኃላፊ። ሦስቱም ወገኖች በዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣችኋል። መድረኩን ለእናንተ እለቃለሁ፤ ቢቻል ከቀጣሪዎቹ ይጀመር፣ የማትፈርሙበትን ምክንያት መስማት እፈልጋለሁ።